ፀጉር የሌለበት ወረቀት

የወረቀት ጥቅል በመጣ ቁጥር አታሚው ሥራ ይፈታል። ሥራ ይፈታል ሲባል እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል ማለት አይደለም። ሮለሩን ቀለም ላይ እንደተጋደመ ጥሎት፣ ከእንጨት ቅርጽ ወደ ወረቀት ማተም የጀመረውን ወፍ ባለ አንድ ክንፍ አድርጎ ትቶት፣ በር ላይ የቆመ ደንበኛ ቢጠራው ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ፣ ጥቅሉን እንደ አራስ ልጅ ታቅፎ ወደ መስኮቱ ይሮጣል። መስኮቱ ደግሞ የዋዛ መስኮት አይደለም። ቤቱ ድሮ ጋራዥ ነበርና፣ የጭነት መኪና ይገባበት የነበረው በር ታች ታቹ ተገንብቶ ላይ ላዩ መስታወት የገባበት ነው። ፀሐይ ራሷ ጠዋት ጠዋት ወደ ሌላ ሰፈር ከመሄዷ በፊት እዚያ ጎራ ብላ መልኳን ታያለች ይባላል። ይባላል እንጂ፣ የሚለው አታሚው ብቻ ነው።

እዚያ መስኮት ሥር ቆሞ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ወደ ብርሃን ያነሳል። ዓይኑን ያጠብባል። ይገለብጣል። እንደገና ያነሳል።

የሚፈልገው ፀጉር ነው።

ሚስቱ ወረቀት ሠሪ ናት። ሸምበቆ ቀቅላ፣ ወቅጣ፣ እንደ ወፍራም ወተት አድርጋ ገንዳ ትሞላና፣ በእንጨት የተወጠረ ወንፊት ነክራ ታነሳለች። ውሃው ሲወርድ ወንፊቱ ላይ የሚቀረው ስስ ነገር ወረቀት ነው። እርጥብ ሳለ የአበባ ቅጠል ትበትንበታለች፣ የሣር ዘር ታሳርፍበታለች፣ አንዳንዴ የቢራቢሮ ክንፍ የመሰለ የሽንኩርት ልጣጭ ታሰፍርበታለች። ንጉሥ ያንን ወረቀት ቢያገኝ የሚመጥን ቃል አጥቶ አዋጅ ማወጁን ይተው ነበር። ፀጉሯ ግን ጉድ ነው። ስትፈታው ክፍሉ ይመሻል። ሻሽ አይችለው፣ ማስያዣ አይችለው፣ ሁለት ዙር ተጠቅልሎም ከአንድ ቦታ ያመልጣል። ስለዚህ ወንፊቱን ባነሳች ቁጥር አንዷ ዘለላ ሹልክ ብላ ገንዳው ውስጥ ትገባና፣ ሲደርቅ ወረቀቱ መሃል እንደ ቀጭን ጅረት ተጠማዝዛ ትገኛለች።

አታሚው ያን ጊዜ ወረቀቱን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ፣ «ይሄ ወረቀት ነው ማበጠሪያ?» ይላት ነበር። «እኔ ቅጠል ላትም ነው ወይስ ሹሩባ ልሠራ?»

«መላጣ ማግባት መብትህ ነበር» ትለዋለች እሷ። ወረቀቱን ትቀበለውና ብጥስጥስ አድርጋ ገንዳው ውስጥ ትመልሰዋለች። እንደገና ትነክራለች፣ እንደገና ታነሳለች።

ቤቱ የሦስት ሰው ነበር። በአንደኛው ጥግ እሷና ገንዳዋ፣ መስኮቱ ሥር እሱና የሚቀርጻቸው እንጨቶች፣ ከጓሮ በኩል ደግሞ ታናሽ ወንድሟ፣ ሸክላ ሠሪው። ሸክላ ሠሪው እርጥብ ጭቃ ላይ የዛፍ ቅጠል ይጫናል፤ እቶኑ ቅጠሉን ይበላውና ጅማቱ ብቻ ሳህኑ ላይ ይቀራል። ከአፉ የሚወጣው ቃል ጥቂት ነው፣ የሚወጣው ግን ይዋጋል። ሦስቱ ያወጡት የነበረው ሥራ፣ አታሚው እንደሚለው፣ ዛፎችን አስቀንቷል። አንዲት ወፍ እሱ ያተመውን ፍሬ ልትለቅም መጥታ ምንቃሯን መስታወት ላይ አጣማለች ይላል። ወፏን ሌላ ያያት የለም።

ከዚያ ከጓሮው የሚያልፈው ጅረት በቱቦ ተቀበረ፤ ሸምበቆውም አብሮት ሄደ። ወረቀት ሠሪዋ በሣር ሞከረች፣ በሙዝ ግንድ ሞከረች፤ የወጣው ነገር ሲነኩት እንደ ብስኩት ይፈረፈር ነበር። ኋላ ሩቅ፣ ሐይቅ ዳር፣ ሸምበቆ ሞልቶ ወረቀት መሥራት የሚማሩ ሴቶች አስተማሪ ይፈልጋሉ የሚል ወሬ መጣ። «ለአንድ በጋ ብቻ ነው» ብላ ሻንጣዋን አሰረች። በሩ ላይ ዞር ብላ አየችው።

«ነይ በለኝ፣ እመጣለሁ» አለችው። «ሳትለኝ ግን አልመጣም።»

አታሚው ደረቱን ነፋ። «እኔ ነይ ልልሽ? ወር ሳይሞላሽ ናፍቆቴ በአንገትሽ እየጎተተ ያመጣሻል! ሾፌሩን አፋጥነው ብለሽ መድረሻ ታሳጪዋለሽ!»

ሳቀች። ሳቋን እንደያዘች ሄደች።

ወሩ ሞላ። በጋው አለቀ። ክረምት መጣ፣ ሄደ፣ ሌላ ክረምት መጣ። አታሚው በአፉ የማይናገረው ነገር በዚህ ዓለም ላይ ያለ አይመስልም ነበር፤ ያቺ አንዲት ቃል ግን ጉሮሮው ላይ እንደ ዓሣ አጥንት ቆመች። እሷ ስልክ ስትደውል ስለ ሥራው ያወራላታል። ያተመው ቅጠል ከግድግዳ ላይ ረግፎ መጥረግ እንዳስቸገረው፣ የቀረጸው እንቁራሪት ሰፈሩን እንቅልፍ እንደነሳ። እሷ ሆዷን ይዛ ትስቃለች። ሂሳቡ ያልቅና መስመሩ ይቋረጣል። እሱ ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ ይቆያል። ከዚያ ጥግ ያለውን ባዶ ገንዳ ያያል። ሸክላ ሠሪው አንድ ቀን ጭቃ ሊያስቀምጥበት ቢሞክር አታሚው ያነሳው ጩኸት ከመንገዱ ማዶ ያለውን ፀጉር አስተካካይ ምላጩን አስጥሎታል።

ከሐይቁ የሚመጣው ጥቅል ነው እንግዲህ የቀረው። መጀመሪያ የመጡት ወረቀቶች ፀጉር ነበረባቸው። በአፉ፣ «ዛሬም አልተሻላትም!» እያለ፣ እነሱን መርጦ ለብቻ ያስቀምጥ ነበር። ለብቻ ማስቀመጡ ግን የትም አላደረሰውም። ትዕዛዝ በዛና ወረቀት ሲያጥር እነሱንም አተመባቸው፤ ፀጉሯን በቅጠል ጅማት ውስጥ ደብቆ፣ ለሰው ሰጠ። ሌላ ይመጣል ብሎ ነው። ሌላ መጣ። ፀጉር ግን አልመጣም።

አሁን የመጣውን ጥቅል መስኮቱ ሥር ፈትቶ እስከ መጨረሻው አየ። የለም። «ጎበዝ ሆናለች» አለ ለራሱ። አንዱን ወረቀት አንስቶ ዳር ዳሩን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ። ነገሩ ከነከነው። ሌላውን ዳሰሰ። ሚስቱ ወንፊቱን ስታነሳ መጨረሻ ላይ ወደ ግራ ትነቀንቀዋለች። ልማዷ ነው። ስለዚህ የወረቀቷ ግራ ጠርዝ ሁልጊዜ ወፈር ይላል፤ ዓይን አያየውም፣ ለዓመታት ያተመበት ጣት ግን ያውቀዋል። ይሄኛው ወረቀት አራቱም ጠርዙ እኩል ነው። ከላይ እስከ ታች እንከን የለውም።

እንከን የሌለው ወረቀት እሷ ሠርታ አታውቅም።

«አንተ!» ብሎ ጮኸ ወደ ጓሮ።

«አቤት ጋሼ።» ሸክላ ሠሪው የጠፈጠፈው ጭቃ ላይ ቅጠል እያስተካከለ ነበር።

«ይሄን ወረቀት ማን ሠራው?»

«ወረቀት ሠሪ ነዋ። ዳቦ ጋጋሪ ይሠራዋል?»

«አትቀልድብኝ። ና እስቲ ይቺን ጠርዝ ዳስስ።»

«እጄ ጭቃ ነው።»

«ታጠብና ዳስስ!»

ሸክላ ሠሪው አልታጠበም። ቅጠሉን ከጭቃው ላይ አነሳው፣ መልሶ አስቀመጠው፣ እንደገና አነሳው። ጋሼው እየቀረበ ሲመጣ ቀና አላለም።

«የእህትህ እጅ አይደለም» አለ አታሚው። ድምፁ በድንገት አንሷል። «እህትህ ምን ሆናለች?»

«ደህና ናት።»

«ደህና ከሆነች ዓይኔን እያየህ ንገረኝ።»

«ጣቶቿ ናቸው ጋሼ» አለ ሸክላ ሠሪው። «መገጣጠሚያቸው አብጦ አልታጠፍ አሉ። ዕድሜ ልክ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነው የኖሩት። ወንፊት መያዝ ካቆመች ቆየች። የሚሠሩት ተማሪዎቿ ናቸው። እሷ አጠገባቸው ቁጭ ብላ ታዛለች።»

«ለእኔ አይነገርም?»

«አትንገረው አለችኝ።»

«ለምን? እኔ ጎረቤት ነኝ? እኔ መንገደኛ ነኝ?»

«ከነገርከው ጉራውን ያቆማል አለች። ስልኩን አንስቶ እንዴት ነው እጅሽ፣ አመመሽ ወይ ማለት ይጀምራል፤ እሱን የሚጠይቀኝ ሰው እዚህ ሞልቷል፤ የሚያስቀኝ እሱ ብቻ ነው አለች።»

በዓለም ላይ አታሚውን ዝም ያሰኘ ነገር እስከዚያች ቀን አልተፈጠረም ነበር። ዝም አለ። ዝምታው ከመክበዱ የተነሳ መደርደሪያው ላይ ያሉት ሳህኖች ተንቀጫቀጩ ማለት ይቻላል። ከዚያ ወደ ውስጥ ገባና መፈለግ ጀመረ። መሳቢያ ሳበ፣ ቁምሳጥን አራገፈ፣ ከአልጋው ሥር ገብቶ በአቧራ ነጭ ሆኖ ወጣ። የሚፈልገው አንዲት ነገር ነበር፤ እሷ በራሷ እጅ የሠራችው ወረቀት፣ ፀጉር ይኑርበት አይኑርበት፣ አንድ ብቻ። የለም። ያማረውን አትሞ ሸጦታል። ፀጉር ያለበትን ደግሞ ድሮ ራሱ፣ በዚያ በረዥም ምላሱ፣ ወደ ገንዳው አስመልሶታል። ቤቱ ውስጥ ያለው ወረቀት ሁሉ የሌላ ሰው እጅ ነው።

ያኔ ጥርስ ሐኪሟ ትዝ አለችው። ሚስቱ ከመሄዷ በፊት የመጨረሻዎቹን ሥዕሎች ከገዙት አንዷ እሷ ናት፤ አሁንም በሽተኛ መጠበቂያው ክፍል ተሰቅሏል። ከነሽርጡ፣ ከነቀለሙ ወጣ። እንዴት እንደሮጠ ለማመን ይከብዳል፤ ብስክሌተኞች ቀድሟቸው አፍረው ወርደው ገፉ። ክሊኒኩ ገብቶ ጉንጫቸው ያበጠ ሰዎች መሃል አልፎ፣ አፍንጫውን ከሥዕሉ መስታወት ጋር አጣበቀ።

ፈርን የሚባለው፣ ዳር ዳሩ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተከፋፈለ ቅጠል ነው ሥዕሉ። ጥሩ ሥራ ነበር፤ አታሚው ግን ቅጠሉን አላየውም። ከቅጠሉ ኋላ ያለውን ወረቀት ነው የሚፈልገው፤ መስታወቱ ደግሞ የራሱን ፊት ብቻ ያሳየዋል።

ጥርስ ሐኪሟ ብቅ አለች። «አንተ ነህ? የትኛው ነው የሚያምህ?»

«ሥዕሉን አውርጂልኝ።»

«ሥዕሉማ የኔ ነው። ከገዛሁት በኋላ ሐሳብህን ቀየርክ እንዴ?»

«ሥዕሉ ላንቺ ይሁን» አለ አታሚው። «እሱማ ምን ይረባል? ቅጠል ነው። ወረቀቱን ስጪኝ።»

ሥዕሌን ያየ ዕውር ይፈወሳል ሲል የኖረ ሰው ምን ይረባል ሲል ስትሰማ ጥርስ ሐኪሟ ግንባሩን በእጇ ዳበሰች። ትኩሳት የለውም። ሥዕሉን ከምስማሩ አውርዳ ገልብጣ አሳየችው። ወረቀቱ ከኋላው ካለው እንጨት ጋር ድምጥማጡ እስኪጠፋ በሙጫ ተጣብቋል። ብርሃን አያልፍበትም። ጠርዙም ተቆርጦ ተስተካክሏል።

«ቢላቀቅ ይቀደዳል» አለች ቀስ ብላ።

«አይላቀቅ» አለ። «ስቀይው።» ወጥቶ በር ላይ ሲደርስ ተመለሰና፣ «ቀስ ብለሽ ስቀይው» አላት።

በማግስቱ ጠዋት ሸክላ ሠሪው ሻንጣ አሲዞ አውቶቡስ ተራ ሸኘው።

«ምን ልትላት ነው ጋሼ?»

«እኔ ቃል አጥቼ አውቃለሁ?»

«ከረዥሞቹ ቃላት ውስጥ አይደለም ያጣኸው» አለ ሸክላ ሠሪው፤ ከአውቶቡሱ ወርዶም ሄደ።

መንገዱ ረዥም ነበር። አታሚው አጠገቡ ለተቀመጡት ሽማግሌ አንድም ጉራ አልነዛም። ቢነዛ ኖሮ መንገዱ ያጥር ነበር። ዓይኑን መስኮቱ ላይ ተክሎ፣ ሲገናኙ የሚለውን ይደረድራል፣ ያፈርሳል። ሐይቁ ከሩቅ ብልጭ ሲል ልቡ ከአውቶቡሱ ቀድሞ ወረደ።

የሴቶቹ መሥሪያ ቤት ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ጎኑ ክፍት የሆነ ዳስ ነው። ሦስት ሴቶች ገንዳዎቹ ላይ አጎንብሰዋል። ከእነሱ ፊት ዱካ ላይ የተቀመጠች ሴት፣ «ቀስ! ውሃውን አታስፈራሪው!» ትላለች። ድምፁ የሚስቱ ነው። ፀጉሯ ግን እንደ ወታደር በአጭሩ ተቆርጧል።

ዞር ብላ አየችው። አልተነሳችም። ተንቀጥቅጣም ሊሆን ይችላል፤ ዱካው ነው የተንቀጠቀጠው ብትል ግን ማን ይከራከራታል?

«ምን እግር ጣለህ?» አለችው።

«በዚህ በኩል ሳልፍ…» ብሎ ጀመረ።

«በዚህ በኩል ማለፊያ የለም። መንገዱ እዚህ ነው የሚያልቀው።»

ሴቶቹ ሳቃቸውን ዋጡ። አታሚው ሻንጣውን መሬት ላይ አስቀመጠ። ፀጉሯን ያያል፣ እጆቿን ያያል። እጆቿ ጭኗ ላይ ናቸው። መገጣጠሚያቸው እንደ ዝንጅብል አብጧል፤ ጣቶቿ ወደ አንድ ጎን ዘመም ብለዋል።

«ፀጉርሽስ?»

«ማበጠሪያ መያዝ አቃተኝ። ሰው እያበጠረኝ ልኖር ነው? አስቆረጥኩት።» ከዚያ ፊቱን አየችውና፣ «ደስ አይልህም?» አለች። «ወረቀቱ ጠራልህ እኮ።»

በአውቶቡስ የደረደረው ሁሉ እንደ ጭስ በነነ። ከረዥሞቹ ቃላት አንድም አልቀረ። ጉሮሮው ላይ ያለችው ብቻ ቀረች፤ እሷም ስትወጣ አሳመመችው።

«ነይ» አለ። «ቤት እንሂድ። ነይ በቃ።»

ሴቶቹ ወንፊታቸውን እንደያዙ ቆሙ። ውሃ ጠብ፣ ጠብ ይላል።

«ይቺን ቃል ስጠብቅ» አለች ሚስቱ፣ «የመጀመሪያውን ክረምት ሻንጣዬን አልፈታሁም። ልብስ ከሻንጣ እያወጣሁ ለብሼ፣ አጥቤ መልሼ ሻንጣ ውስጥ ነበር የማጥፈው። አውቶቡሱ ሲያንኮራፋ በሰማሁ ቁጥር እቆማለሁ።»

«እና?»

«እናማ ሁለተኛው ክረምት መጣ። ፈታሁት።»

«እኔ እኮ… ትመጫለሽ ብዬ…»

«አውቃለሁ። አፍህን አላውቀውም እንዴ?» ሳቅ ልትል ነበር፤ ከንፈሯ ጀምሮ ተወው። «አሁን ብመጣ እዚያ ምን እሆናለሁ? ገንዳዬ አጠገብ ተቀምጬ ገንዳዬን የማይ ሰው። እዚህ ግን ተመልከት» አለችና በክርኗ ወደ ሴቶቹ አመለከተች። «ስድስት እጅ አለኝ።»

አታሚው ስድስቱን እጆች አየ። ከውሃው ቀይ ሆነዋል። አንደኛዋ ሴት ወንፊቷን አነሳች፣ ለመጨረሻ ጊዜ ነቀነቀችው፤ ወደ ፊትና ወደ ኋላ፣ እኩል። እሷ የሠራችው ወረቀት ይሄ ነበር፤ እሱ መስኮት ሥር ሲገለብጠው የኖረው፣ የናፈቀውን ነገር የከለከለው። ሊጠላት ፈለገ፤ አልሆነለትም። ያቺ ሴት ሥራዋን ጨርሳ ወደ አስተማሪዋ ዞራ ደህና ነው ወይ በሚል ዓይን ታያለች። ሚስቱ ራሷን ነቀነቀች። ሴትየዋ ፊቷ በራ።

«እንግዲያው እኔ ልቆያ» አለ አታሚው።

«የት?»

«እዚሁ ነዋ።»

«ሥራህስ?»

«ወንድምሽ ከሸክላው ትንሽ ቀና ይበልና ደንበኛ ማናገር ይማር። አሥር ቃል አለው፤ ለደንበኛ ይበቃል።»

«እዚህ ምን ልትሠራ? የነዚህን ሴቶች ወንፊት አላሲዝህም፣ ትሰብረዋለህ።»

«የማልችለው ሥራ አለ እንዴ?»

«ሸምበቆ ማጨድ ትችላለህ?»

«ሸምበቆ?» አለ አታሚው። ድምፁ ውስጥ ድሮ የነበረው ሰው ብቅ አለ። «እኔን ሲያይ ራሱ ይተኛል እንጂ! ሥሩን ነቅሎ በሰልፍ ይወጣል!»

ሳቀች። ይሄን ጊዜ ሆዷን ልትይዝ እጇን አነሳች፤ ጣቶቿ አልታዘዟት ብለው በክንዷ ያዘችው። በስልክ የሰማውን ሳቅ አሁን ከነሰውነቱ ሲያየው ፊቱን ወደ ሌላ በኩል አዞረ። አቧራ ዓይኔ ገባ አለ። ሐይቅ ዳር አቧራ የለም።

ሱሪውን ጠቅልሎ፣ ማጭድ ተቀብሎ ገባ። ኋላ ሲያወራው ውሃው እስከ አንገቱ ነበር ይላል፤ እስከ ጉልበቱ ነበር። ሸምበቆው አልተኛም። ማጭዱ ሲመታው ይጎነበስና መልሶ ፊቱን ይገርፈዋል። ጭቃው አንዱን እግሩን ውጦ ሌላውን ይጠብቃል። ጥቂት ቀጫጭን ግንዶች ከቆረጠ በኋላ ወገቡን ይዞ ቀና አለ።

ሚስቱ ዳር ላይ ቆማለች። ከዱካዋ ተነስታ መጥታ ነው። ከዚህ ስትታይ ትንሽ ናት፤ ነፋሱ ቀሚሷን ወደ አንድ ጎን ይዞታል፤ ራሷ ላይ የሚይዘው ነገር አጥቶ አልፎ ይሄዳል። በመሃላቸው ያለው ውሃ ድንጋይ ቢወረወር የሚሻገረው ነው። ግን ክረምቶቹን ሁሉ፣ ባዶው ገንዳ አጠገብ፣ ስልኩን ጆሮው ላይ ይዞ፣ እንዲህ ናፍቋት አያውቅም ነበር። እዚያ ሳለ የሚናፍቀው የነበረችውን ነው። አሁን የሚናፍቀው እዚያ ዳር የቆመችውን ነው፤ ያልነበረባቸውን ክረምቶች ጭምር የተሸከመችውን፤ ይቺን ደግሞ ገና አያውቃትም።

አንድ ነገር ትላለች። ነፋሱ ድምፅዋን ወሰደው። ክንዷን ዘርግታ ወደ ታች ታሳየዋለች፤ ዝቅ፣ ዝቅ አድርገህ፣ ከሥሩ።

አታሚው ራሱን ነቀነቀ። ጎንበስ ብሎ ማጭዱን ውሃው ውስጥ አስገባ።